የአባት ዕዳ ለልጅ፦ ዳኞች ዋንጫ የሸለሙት በሽታ

በ1974 በአሜሪካ በተካሄደው የኳርተር ሆርስ ዝርያ የዓለም ሻምፒዮና ላይ አንድ የአምስት ዓመት ዳማ ድንጉላ በልባቡ ተይዞ ወደ ሜዳ ገባ። ኮርቻ አልተጫነበትም። የጋለበው የለም። ከማንም ጋር አልተሽቀዳደመም፤ ከብት አላገደም፤ እንቅፋትም አልዘለለም። ጸጥ ብሎ ቆመ፣ ጥቂት ተራመደ፣ ዳኞች ዞር ዞር እያሉ አዩት። ደረቱ ሰፊ ነው፤ የጭኑና የዳሌው ጡንቻ ጠራቢ እንደሠራው ሐውልት ጎላ ጎላ ብሎ ይታያል። በዕድሜ በደረሱ ድንጉላዎች ምድብ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። ስሙ ኢምፕሬሲቭ ነበር፤ በአማርኛ «አስደማሚ» እንደማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያን ዕለት ሜዳው ላይ ከነበሩት መካከል ማንም ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። ያ ሁሉ ሰው ያደነቀው ጡንቻ በውስጡ ሕመም ይዟል። ሕመሙም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ዳኞች ሽልማቱን በሰጡ ቁጥር፣ አርቢዎችም ሽልማቱን ተከትለው ገንዘባቸውን ባፈሰሱ ቁጥር፣ ሳያውቁት ያንኑ ሕመም እያባዙት ነበር። ይህ ምሥጢር እስኪገለጥ 18 ዓመት ፈጀ። ከተገለጠ በኋላ የሆነው ግን ከዚያ በፊት ከሆነው ይልቅ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ጊዜ የጠፋው እውቀት ነበር፣ በሁለተኛው ጊዜ የጠፋው ፈቃድ ነው።

*ሲጀመር የሥራ ፈረስ ነበር*

ኳርተር ሆርስ ስሙን ያገኘው ከሩጫ ነው። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን በቨርጂኒያና በአካባቢው የሰፈሩ ሰዎች ፈረሶቻቸውን በአጭር ርቀት ያሽቀዳድሙ ነበር። ርቀቱ የማይል ሩብ፣ ማለትም 400 ሜትር ገደማ ነው። «ኳርተር» ማለትም ሩብ ማለት ነው። ዘሩ ከሰፋሪዎች ጋር ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሌላ ሙያ ጨመረ። በቴክሳስ ሜዳዎች ከብት አጋጅ ሆነ። በድንገት የሚነሳ፣ በድንገት የሚቆም፣ ከመንጋው የወጣችን ጊደር ከጋላቢው ቀድሞ የሚያይ፣ ረጋ ያለ ጠባይ ያለው ፈረስ ነበር። ላሞቹን የሚጠብቀው ሰው መልኩ ምን ይምሰል ምን ግድ አልነበረውም። እግሩ ከሸፈ፣ ትንፋሹ ካጠረ ወይም ሰኮናው ከተሰነጠቀ ግን ያ ፈረስ ዘር አይተካም። ሥራው ራሱ ወንፊት ነበር።

በ1940 የቴክሳስ አርቢዎች በፎርት ዎርዝ ከተማ ተሰብስበው የአሜሪካ ኳርተር ሆርስ ማኅበርን መሠረቱ። ዓላማቸው ያን የከብት አጋጅ ዘር መዝግቦ ማቆየት ነበር። መዝገብ ሲከፈት ደግሞ ጥያቄ ይመጣል። ቁጥር 1 ሆኖ የሚመዘገበው ማን ይሁን? ማኅበሩ የሰጠው መልስ ለኋላው ታሪክ ፍንጭ ይሰጣል። ቁጥር 1 በ1941 በፎርት ዎርዝ የከብት ትርኢት ላይ አሸናፊ ለሚሆነው ድንጉላ ተቀመጠ። ያሸነፈው ዊምፒ የተባለው የኪንግ ራንች ፈረስ ነው። ዊምፒ ከታላቅ የከብት እርባታ የወጣ የሥራ ዘር ነበርና ምርጫው ማንንም አላስከፋም። ነገር ግን የመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር የተጻፈው በትርኢት ዳኛ ብያኔ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

*ቆሞ ማሸነፍ*

እንዲህ ያለው ትርኢት የልባብ ውድድር ይባላል። ፈረሱ ያለ ኮርቻ በልባብ ብቻ ተይዞ ይቀርባል፤ ዳኛው የአካሉን አቋም አይቶ ደረጃ ይሰጣል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ልምድ ያለው ሰው የትከሻውን ዘንበል፣ የእግሩን ቀጥታ፣ የወገቡን ርዝመት አይቶ «ይህ ፈረስ ለሥራ ይሆናል» ብሎ መገመት ይችላል። ውድድሩ ለሥራ ችሎታ አቋራጭ ማመልከቻ እንዲሆን ታስቦ የተጀመረ ነው።

አቋራጩ ቀስ በቀስ ራሱ መድረሻ ሆነ። በልባብ ውድድር ያሸነፈ ድንጉላ ዋጋው ይንራል፤ ባዝራ ለማስጠቃት የሚከፈለው ገንዘብም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ አርቢው ለዳኛው ዓይን ማርባት ጀመረ። ዳኛው ጡንቻ ከወደደ ብዙ ጡንቻ፣ ትንሽና ያማረ ሰኮና ከወደደም ትንሽ ሰኮና ይቀርብለታል። የልባብ ፈረስና የሥራ ፈረስ በአንድ መዝገብ ውስጥ እያሉ ሁለት የተለያዩ ዘሮች ወደመምሰል ሄዱ። ብዙዎቹ የልባብ ሻምፒዮኖች በሕይወታቸው ሙሉ ኮርቻ ሳይጫንባቸው ያረጁ ናቸው። ከባድ አካል በትንንሽ ሰኮናና ቀጥ ባለ የኋላ እግር ላይ ሲቆም ደግሞ ጭነቱን የሚከፍለው መገጣጠሚያው ነው፤ ሰኮና ውስጥ ያለችው ትንሽ አጥንትም ትታመማለች። የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ሲናገሩ ቆይተዋል። ሆኖም አንካሳነት የሚታየው ፈረሱ ሲሠራ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆሞ የሚዳኝ ፈረስ ሕመሙን ለመደበቅ የሚበቃ ጊዜ አለው።

*ሁሉም የፈለገው ድንጉላ*

ኢምፕሬሲቭ ይህ ገበያ በሞቀበት ሰዓት ደረሰ። በ1969 ተወለደ። በአባቱም በእናቱም ወገን ሥሪ ባርስ ከተባለው ዝነኛ የሩጫ ድንጉላ ዘር የመጣ ነው። ከ1974ቱ ድል በኋላ አርቢዎች ባዝራዎቻቸውን ይዘው ተሰለፉ። ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴ ደግሞ አንድ ድንጉላ በተፈጥሮ ሊደርስበት ከሚችለው በላይ ብዙ ባዝራዎችን እንዲያስረግዝ አስችሎታል። በሕይወት ዘመኑ 2,250 ውርንጭላዎች ተወለዱለት። ከእነዚህ ወደ 30 የሚጠጉት የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ።

ልጆቹም እንደ አባታቸው ጡንቻማ ነበሩ፤ የልጅ ልጆቹም እንዲሁ። ልጁን ከእህቱ ልጅ ጋር፣ የልጅ ልጁን ከልጁ ጋር ማዳቀል የተለመደ ሆነ፤ ያ መልክ በእጥፍ ይመጣል ተብሎ ስለታመነ ነው። በቀለም ያሸበረቁት የፔንት እና የአፓሉሳ ዝርያዎችም ከኳርተር ሆርስ ጋር ይዳቀሉ ነበርና ደሙ ወደ እነሱም ተሻገረ። በኋላ በተሠሩ ግምቶች የኢምፕሬሲቭ ዘር ከ100 ሺህ በላይ ፈረሶችን ይሸፍናል። አንድ ድንጉላ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የአንድ ሀገር ፈረሶችን መልክ ሲለውጥ እምብዛም አይታይም።

*መንቀጥቀጡ*

በ1980ዎቹ የእንስሳት ሐኪሞች እንግዳ ነገር ያጋጥማቸው ጀመር። ጤነኛ መስሎ ያደረ ጡንቻማ ፈረስ በድንገት ጎኑና ትከሻው ላይ ቆዳው ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው የዓይኑ ሽፋን ዓይኑን ከፊል ይጋርደዋል። ያልበዋል፣ ይንገዳገዳል፤ አንዳንዱ እንደ ውሻ በኋላ እግሩ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ተዘርሮ መነሳት ያቅተዋል። አእምሮው ግን ንቁ ነው። የሚሆነውን ሁሉ ያያል፣ ይሰማል፣ አካሉ ግን አይታዘዘውም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነስቶ ምንም እንዳልሆነ ሣር ሊግጥ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ አይነሳም፤ የመተንፈሻ ጡንቻው ይሽመደመዳል፤ ወይም ልቡ ይቆማል።

በመጀመሪያ ብዙው ሐኪም የሆድ ቁርጠት ወይም ከከባድ ሥራ በኋላ የሚመጣ የጡንቻ መተሳሰር ይመስለው ነበር። ደም ሲመረመር ግን በሕመሙ ሰዓት የፖታሺየም መጠን ከፍ ብሎ ተገኘ። በሰው ላይም ይህን የመሰለ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ስለሚታወቅ ስሙ ከዚያው ተወሰደ፤ ሃይፐርካሌሚክ ፔሪዮዲክ ፓራሊሲስ፣ በምህጻሩ ኤች.ዋይ.ፒ.ፒ. ተባለ። ትርጉሙ በደም ውስጥ ፖታሺየም ሲበዛ እየመጣ የሚሄድ ሽባነት ማለት ነው።

ቀጥሎ የታመሙት ፈረሶች የዘር ሐረግ ተገለጠ። ወደ ላይ ሲቆጠር ሐረጉ ሁሉ አንድ ስም ላይ ደረሰ። በፈረሰኞች መንደር በሽታውን «የኢምፕሬሲቭ ሕመም» ብሎ መጥራት የተጀመረውም በዚህ ምክንያት ነው። ስሙ ግን በጓዳ የሚነገር ሆነ። በግልጽ ቢነገር በብዙ ሺህ ዶላር የተገዛ ባዝራና ድንጉላ ዋጋ በአንድ ሌሊት ሊወርድ ነው። ፈረሱ ሲወድቅ ያየ ባለቤትም ለጎረቤቱ ከመናገር ዝም ብሎ መሸጥ ይቀለዋል።

*1992፦ ሁሉም ነገር የታወቀበት ዓመት*

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት ሐኪም የሆነችው ሻሮን ስፒየር እና በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የጡንቻ በሽታዎችን የሚያጠኑ ባልደረቦቿ በ1992 ጥናታቸውን አሳተሙ። በሰው ላይ ለተመሳሳይ ሕመም መንስኤ ሆኖ የተገኘውን ጂን በፈረሶቹ ላይ ፈለጉት፤ ስህተቱም እዚያው ተገኘ። የጥናቱ ርዕስ ራሱ ዘር መርጦ ማርባት ይህን የጂን ለውጥ እንዳሠራጨ ይናገራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጡንቻ ሕዋስ ግድግዳ ላይ ሶዲየም የሚገባባቸው ጥቃቅን በሮች አሉ። ከነርቭ ትእዛዝ ሲመጣ በሮቹ ለቅጽበት ተከፍተው ይዘጋሉ፤ ጡንቻውም ይኮማተራል፣ ቀጥሎም ይላላል። በታመመው ፈረስ ከበሮቹ ከፊሎቹ በደንብ አይዘጉም። በሩ የተሠራበት ፕሮቲን ከብዙ መቶ ቅንጣቶች የተያያዘ ሰንሰለት ነው፤ የተለወጠችው ከእነዚያ አንዷ ብቻ ናት። ሶዲየም ወደ ውስጥ ይሾልካል፣ ፖታሺየም ወደ ደም ይወጣል፣ ጡንቻውም ያለ ትእዛዝ ይንቀጠቀጣል። ሲብስበት ደግሞ ጭራሽ መልስ መስጠት ያቆማል። ፖታሺየም የበዛበት መኖ፣ ለምሳሌ አልፋልፋና ሞላሰስ፣ ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። ረሃብ፣ ድንገተኛ የመኖ ለውጥ፣ በመኪና ረጅም ጉዞ ወይም ማደንዘዣም እንዲሁ።

የታሪኩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ያለ ትእዛዝ በየጊዜው የሚኮማተር ጡንቻ ሳይሠራ እንደሠራ ይሆናል። ተመራማሪዎች የነዚህ ፈረሶች ጎላ ያለ ጡንቻ ቢያንስ በከፊል ከዚሁ ሳይመጣ እንዳልቀረ ገምተዋል። ይህ ማለት ዳኛው ያደነቀው መልክ ከበሽታው ጋር ተጎዳኝቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በ1994 የታተመ ጥናት ይህንኑ በሌላ በኩል አሳየ፤ በትርኢት ላይ ዳኞች ሕመሙ ያለባቸውን ፈረሶች ከጤነኞቹ አስበልጠው ይመርጡ ነበር። ከዳኞቹ አንዳቸውም በሽታ መርጫለሁ አላሉም። ያዩትን ጡንቻ ነው የመረጡት።

ጂኑ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስ እንኳ ሕመሙን ለማምጣት ይበቃል። አንድ ቅጂ የተሸከመ ድንጉላ ከጤነኛ ባዝራ ጋር ሲዳቀል ከሚወለዱት ግማሾቹ ይወርሱታል። ሁለቱም ወላጆች ከተሸከሙ ከአራቱ አንዱ ሁለት ቅጂ ይዞ ይወለዳል፤ ሕመሙም የከፋ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ውርንጭላዎች ጉሮሯቸው ስለሚሰንፍ ጡት ለመጥባትና ለመተንፈስ ይቸገራሉ፤ ሲተነፍሱ ድምፅ ያሰማሉ። አዋቂ ፈረስ ሰው ጭኖ እየጋለበ ቢወድቅ ደግሞ አደጋው ለጋላቢውም ነው።

ጥሩው ዜና ከዚሁ ጋር መጣ። ምርመራው ቀላል ሆነ። ጥቂት የጋማ ፀጉር ከነሥሩ ነቅሎ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይበቃል። ጂኑ አንድ ቅጂ ብቻ ሲኖርም ስለሚታወቅ የሚደበቅ ተሸካሚ የለም። ተሸካሚ ፈረሶች ባይዳቀሉ በአንድ የፈረስ ትውልድ ውስጥ በሽታው ከመዝገቡ ሊጠፋ ይችል ነበር። ማንንም መግደል፣ ማንንም መቅጣት አያስፈልግም ነበር፤ አለማዳቀል ብቻ። በዘር ከሚተላለፉ በሽታዎች መካከል እንዲህ የቀለለ መፍትሔ ያለው ጥቂት ነው።

*ፈራጁም ባለ ጉዳዩም አንድ ሲሆን*

መፍትሔው ቀላል ከሆነ ለምን አልተወሰደም? የዘር መዝገቡን የሚያስተዳድረው የአርቢዎች ማኅበር ነው። ደንቡን የሚያወጡት አባላቱ ናቸው። ከአባላቱ መካከል ደግሞ ሀብታቸውን በኢምፕሬሲቭ ዘር ላይ ያዋሉ ብዙዎች ነበሩ። ለእነሱ እገዳ ማለት በረት ውስጥ ያለ ንብረት ዋጋ ቢስ መሆን ነው።

ክርክራቸው ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። ብዙ ተሸካሚ ፈረሶች በተጠነቀቀ አመጋገብ ጤነኛ መስለው ይኖራሉ። አሴታዞላማይድ የተባለ መድኃኒትም ሕመሙን ይቆጣጠራል። ፈረሱን የገዛው ሰው በወቅቱ በነበረው ደንብ በሕጋዊ መንገድ ነው የገዛው፤ «ትናንት የሸለማችሁኝን ዛሬ ልትነጥቁኝ?» ብሎ መጠየቁ ከፍትሕ ወገን የሚቆም ነገር አለው። ሆኖም ይህ ክርክር አንድ ወገን ይረሳል። በመድኃኒትና በጥንቃቄ ስለሚኖር ፈረስ ሲወራ፣ ያ ፈረስ ከጥንቁቁ ባለቤት እጅ ወጥቶ በጨረታ ምንም ለማያውቅ ሰው እንደሚሸጥ አይነሳም። ልባብ ላይ ያልተሳካለት ፈረስ ዕጣው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ለልጅ መጋለቢያ ተብሎ በርካሽ ይሸጣል፣ አልፋልፋ ይቀርብለታል።

እርምጃዎቹ በዝግታ መጡ። በ1996 ማኅበሩ ሕመሙን የዘር እንከን ብሎ ከማይፈለጉ ባሕርያት ዝርዝር አስገባው። ከ1998 ጀምሮ የሚወለዱ የኢምፕሬሲቭ ዘሮች የምዝገባ ወረቀታቸው ላይ ማሳሰቢያ እንዲሰፍር ተደረገ። እገዳ የመጣው ከ2007 ጀምሮ ለሚወለዱት ነው። የኢምፕሬሲቭ ዘር የሆነ ሁሉ እንዲመረመር ተወሰነ፤ ሁለት ቅጂ ይዞ የተገኘ ውርንጭላ አይመዘገብም ተባለ። አንድ ቅጂ የያዘው ግን መመዝገቡን፣ መወዳደሩንና መውለዱን ቀጠለ።

ከ1992 እስከ 2007 ያለው 15 ዓመት ነው። ባዝራ 11 ወር ገደማ ታረግዛለች፤ በ1992 የተወለደ ድንጉላ በ2007 አያት ብቻ ሳይሆን ቅድመ አያትም ሊሆን ይችላል። ኢምፕሬሲቭ ራሱ በ1995 ሞተ፤ ጂኑ ግን ትርኢት ሜዳ ላይ ነበር። በ2009 የታተመ የኳርተር ሆርስ ጥናት የዘሩን ቅርንጫፎች ለየብቻ መረመረ። በጠቅላላው ዝርያ ውስጥ ተሸካሚው ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ለልባብ ውድድር በሚረቡት ውስጥ ግን ከተመረመሩት ከግማሽ በላይ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱን የፈጠረው አየር ንብረት ወይም መኖ አይደለም፤ ሽልማቱ ነው። በሌሎቹ ቅርንጫፎች ሥራው ሲያበጥረው፣ በዚህኛው ዋንጫው ሲያበዛው ቆየ።

*ነገሩ የአንድ ድንጉላ ብቻ አይደለም*

ኢምፕሬሲቭን ብቻ መክሰስ ግን ታሪኩን ማሳነስ ይሆናል። መልክ ሲሸለም የተደበቀ ዕዳ አብሮ ሲገባ የታየባቸው ሌሎች ዝርያዎችም አሉ።

በፔንት ፈረሶች ዘንድ ፍሬም የሚባል የነጭና የቀለም አጣጣል ተወዳጅ ነው። ጎኑ ላይ ነጭ ተነጥፎበት ጀርባው ባለ ቀለም የሆነ ፈረስ ሥዕል ይመስላል፤ አንድ ቅጂ የያዘው ፈረስም ጤነኛ ነው። ሁለት ፍሬም ፈረሶች ሲዳቀሉ ግን ከአራት አንድ ዕድል አለ፤ ሙሉ በሙሉ ነጭ ውርንጭላ ይወለዳል። ሲታይ ያምራል። ይቆማል፣ ይጠባል። አንጀቱ ላይ ግን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የለም፤ የጠባው ወተት መውጫ ያጣል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም በቁርጠት ይሞታል። ጂኑ በ1998 ታወቀ። እዚህ ላይ መፍትሔው ለአርቢዎች ኪስ አልከበደም፤ መርምሮ ሁለት ተሸካሚ አለማገናኘት ይበቃል፤ ቀለሙም አይጠፋም። ጥቅምና ጤና ሲገጥሙ ሰው ፈጥኖ ይማራል።

በአረብ ፈረሶች ዘንድ ያለው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። የአረብ ፈረስ በረሃ ያቋረጠ፣ በጽናቱ የተመሰገነ ዘር ነው፤ የፊቱ ለስለስ ያለ ስርጉድነትም ከጥንት የታወቀ መለያው ነው። በትርኢት ሜዳ ግን መለያው ወደ ጽንፍ ተገፋ። በአውሮፓ በተለመደው የነጥብ አሰጣጥ ለዝርያው መልክ 20፣ ለራስና ለአንገት 20 ይሰጣል፤ ለእግር ደግሞ 20። በረሃ ያሻገረው እግር ከመልኩ ግማሽ ነጥብ ይይዛል ማለት ነው። ገንዘቡም ትንሽ አይደለም። በ2015 በፖላንድ ያኑፍ ፖድላስኪ እርባታ በተካሄደው ጨረታ ፔፒታ የተባለች ባዝራ 1.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጣለች። ከአሜሪካና ከፖላንድ እስከ ባሕረ ሰላጤው ሀገራት ታላላቅ እርባታዎች ድረስ ገዢው አንድ ዓይነት ጭንቅላት ይፈልጋል፤ ትንሽ፣ ዓይነ ትልቅ፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ የተሰረጎደ።

በ2017 በአሜሪካ የተወለደ አንድ ወጣት የአረብ ድንጉላ በፎቶና በቪዲዮ ሲታይ ዓለም ተነጋገረበት። አፍንጫው እጅግ ከመሰርጎዱ የተነሳ የመጫወቻ ፈረስ ይመስል ነበር። ባለቤቶቹ ጤነኛ ነው፣ የመተንፈስ ችግር የለበትም አሉ። የእንግሊዝ የፈረስ ሐኪሞች ግን ስጋታቸውን በሙያ መጽሔታቸው ገለጹ። ስጋቱን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፤ ፈረስ እንደ ሰው ወይም እንደ ውሻ በአፉ መተንፈስ አይችልም። አየሩ የሚገባው በአፍንጫው ብቻ ነው። ውሻ አፍንጫው ሲደፈጠጥ ቢያንስ በአፉ ያለከልካል። ለፈረስ ሁለተኛ በር የለውም።

*ጥፋቱ የማን ነው?*

ውበት መውደድ ኃጢአት ነው የሚል ሰው ከዚህ ታሪክ ድጋፍ አያገኝም። ፖኮ ቡዌኖ የተባለው ዝነኛ የኳርተር ሆርስ ድንጉላ ዘሩ ለከብት ሥራ ውድድር የተመረጠ ነው፤ በዚያ መስመርም ከሁለት ተሸካሚዎች ሲወለድ ቆዳው ኮርቻ ሥር እየተላጠ የሚቆስል ፈረስ ይገኛል። ሥራ የሚሸልም ሰውም በጥቂት ድንጉላዎች ላይ ብቻ ከተማመነ ያው ዕዳ ይደርስበታል። ልዩነቱ በሚታወቅበት ጊዜ ላይ ነው። ያ ፈረስ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ኮርቻ በተጫነበት ሰሞን ነው፤ ሥራ ስለሚሠራ ይታወቃል። ለመልክ ብቻ በሚዳኝበት ሜዳ ግን ሕመሙ ሳይታወቅ ይሸለማል፤ አልፎም ራሱ እንደ ውበት ይቆጠራል።

በ1974ቱ ሜዳ ማንም ክፉ አላሰበም። ዳኛው ያየውን ፈረደ፣ አርቢው የተፈረደውን አረባ፣ ገዢውም የተረባውን ገዛ። እያንዳንዱ የሚቀጥለውን ሲያይ ፈረሱን ያየ የለም። እስከ 1992 ድረስ ለዚህ ሁሉ «አላወቅንም» የሚል በቂ መልስ አለ። ከዚያ በኋላ ግን መልሱ አይሠራም። ዳኛው ነጥብ ሲሰጥ የምርመራ ወረቀት ቢጠይቅ ኖሮ፣ ማኅበሩ በ1993 ወይም በ1994 አንድ ቅጂ የያዘውንም ጭምር ከዘር ቢያግድ ኖሮ፣ ሕመሙ ዛሬ በታሪክ መጽሐፍ ብቻ ይገኝ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

የተለወጠ ነገር የለም ማለት አይቻልም። በ2015 ማኅበሩ ለዘር የሚቀርቡ ድንጉላዎች ሁሉ ይህን ጨምሮ ለአምስት የዘር በሽታዎች እንዲመረመሩ አስገድዷል። አሁን ባዝራውን የሚያስጠቃ ሰው የድንጉላውን ውጤት ጠይቆ ማወቅ ይችላል። ግን ደንቡ እንዲያውቅ እንጂ እንዲተው አያስገድደውም። ምርጫው ለገዢው ተትቷል፤ ገዢው ደግሞ ዓይኑ ዋንጫው ላይ ነው።

«የአባት ዕዳ ለልጅ» ሲባል ልጁ ቢያንስ የአባቱን ስም ያውቃል፤ ከተበዳሪው ጋርም አንድ ማዕድ በልቷል። ከኢምፕሬሲቭ ሰባት ትውልድ ርቃ የተወለደች ውርንጭላ ግን ዋንጫውንም ገንዘቡንም አላየችም። የደረሳት ዕዳው ብቻ ነው። ዕዳውን መክፈል የምትጀምረው ደግሞ አንድ ሰው ደህና መኖ መስሎት አልፋልፋ ባቀረበላት ቀን ነው።